ከሳሙናው በፊት

ቃል አልነበረውም።
ፊት ፊት መለከት ይሄዳል፣ ከኋላው ኦርጋን፤
ማን እንደ ነፋው፣ በየት አገር እንደሆን
ማን ይጠይቃል?
ከሥር ከሥሩ ደግሞ ሞገድ እንዳነሣው ታንኳ ዘመም ቀና የሚል ጊታር፣
ከየት እንደ መጣ ሳይነግረን ቤተኛ የሆነ በባሕር ዳር።
የስልሳዎቹ ነው ይላሉ። በነሱ ስልሳ ይሁን በኛ ስልሳ፣
ሰባት ስምንት ዓመቱን ማን ቆጥሮ ይነሣ!

እኛ የምናውቀው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው።
ከዜና በኋላ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ቆዳ ከለበሰው ሬዲዮ
መለከቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ደረጃ እንደሚወጣ ልጅ፤
አንድ ደረጃ ሲቀረው፣ በሩን ሊገፋ በእጅ፣
ሰውየው ይገባል፦
«ፀዳል ሳሙና! የነጭ ልብስ ወዳጅ!»
ዜማው እንደ ተባረረ ድመት ከድምፁ ሥር ይሾልክና
ያልቃል። ነገም እዚያው ደረጃ ላይ፣
ከነገ ወዲያም፣ በዚያው ሳሙና።

ወንድሜ ይስማው ነው በፉጨት የያዛት።
ጨርቃ ጨርቅ ነበር ሥራው፤ የሌሊት ፈረቃ።
ሲነጋ ይመጣል፣ ጥጥ ቅንድቡ ላይ፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት ቃ፣ ቃ፤
በዘንባባው ጥላ ሥር እያፏጨ፣ እየወጣ እየወጣ መለከቱን፣
እናታችን ከሩቅ ሰምታ ትከፍታለች መዝጊያውን።
ደጃችን ሲደርስ ፉጨቱን ቁርጥ ያደርግና
በሰውየው ድምፅ፦ «ሳሙና!»
እሷም፦ «ግባ፣ አንተ ቆሻሻ!»
አንድም ቀን አልተዛነፈም።

ኋላ ሳሙናው ቀረ። ሬዲዮው ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ፤
መለከትም ለሰልፍ ብቻ ሆነ፣ ለልብስ ማጠቢያ መነፋቱ ቀረ።
ይስማው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሽመናው መኪና ጎን ቆመ፤
መጀመሪያ ቀኝ ጆሮው፣ ቀጥሎ ግራው ደከመ።
እናቴ ስሙን ስታወጣ እግዜርን ነበር፦ ይስማው ያለችው።
አሁን እኔ ከደጁ ቆሜ «ይስማው! ይስማው!» ብዬ ስጮህ
መንገደኛው የምጸልይ ይመስለዋል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ሐይቁ ጎርፍ ጠጥቶ ቀልቶ፣
ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ዓሣ ቤት ተቀምጠናል፤
ቆረሶ አስጠብሰን፣ ሎሚ ጨምቀን፣ እንደ ወትሮው ዝም።
ከአስተናጋጁ ልጅ ስልክ መጣ።
ሙሉው።
ሦስት ደቂቃ ከምናምን።
የዓሣ እሾህ በጣቴ እንደያዝኩ ቀረሁ።
ወጣ፣ ወጣ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰ፤
ሰውየው የለም። የሚጮህ የለም።
በሩ ተከፈተ።
ውስጡ ቫዮሊን ሞልቶ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሲደንሱ፤
ሠርግ ቤት ተሳስቼ እንደ ገባሁ አፈርኩ።
ደስ አላለኝም። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አላለኝም።
አርባ ምናምን ዓመት የጠበቅሁት በር
ተዘግቶ ነበር ለካ የሚያምር።

ልጁን «እስኪ ድገመው» አልኩትና
ስልኩን ተቀብዬ ይስማው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።
እንደ ጫጩት ያዘው። ስልኩ ይንዘፈዘፋል።
እሱ ውኃ ውኃውን ያያል፤ አንዲት ጀልባ
ጃንጥላ የዘረጉ ሰዎች ጭና ወደ ደሴቶቹ ትሄዳለች።
ምንም። ከዚያ የሌላ እጁ ጣት
ጠረጴዛውን ነካ።
ነካ፣ ነካ፣ ወደ ላይ።
ከንፈሩ ሾለ፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ፉጨት የለም፣
ነፋስ ብቻ ወጣ፤
ነፋስ፣ ግን በየቦታው።
ከዚያም ራሱን በማይሰማ ሰው ጩኸት፣
ዓሣ ቤቱ ሙሉ ዞሮ እስኪያፈጥብን፦
«ሳሙና!»

ዜማው መዳፉ ላይ ገና ይንቀጠቀጣል።
እኔም «ግባ፣ አንተ ቆሻሻ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ፣
ከንፈሬን እያየ።